ኦገስት ላይ አይስላንድ፦ 9 ቀን አለን፤ በእግር እንሂድ ወይስ ደሴቲቱን እንዙር?

ደገኛዋ (ፍራንክፈርት)፣ ፌብሩዋሪ 3

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ኦገስት ላይ ሦስት ሆነን አይስላንድ ልንሄድ አስበናል። እኔ ጀርመን ነው የምኖረው፤ ነርስ ነኝ። ወንድሜ ከቨርጂኒያ ይመጣል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። ሦስተኛዋ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ የምትመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ሦስታችን አንድ ላይ ከተያየን 7 ዓመት ሆነን። ልጆች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ በእግር እንወጣ ነበር። አሁንም ላባችን ጠብ የሚልበት ጉዞ ነው የምንፈልገው።

ያወጣሁት እቅድ ይኸው። መኪና ተከራይተን ደሴቲቱን በዋናው መንገድ መዞር። መሃል ላይ የሎይጋቬጉርን የ4 ቀን የእግር መንገድ መሄድ። ከዚያ የበረዶ ግግር ላይ መውጣት። ሲልፍራ የሚባለው ስንጥቅ ውስጥ መዋኘት። ከተቻለ ደግሞ እሳተ ገሞራ ማየት። ያለን 9 ቀን ነው። ይበቃናል?

ሌላው፣ ጊዜው ፍልሰታ ላይ ይውላል። እኔና ጓደኛዬ እንጾማለን። ምን ሰንቀን እንሂድ?

---

የኦስሎው ሹፌር

እህቴ፣ እንኳን ለመገናኘት አበቃችሁ። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንዴ በጁን፣ አንዴ በሴፕቴምበር። እውነቱን ልንገርሽ፤ ይሄ የሁለት ጉዞ እቅድ ነው። አንዱን ምረጪ።

ዋናው መንገድ ዙሪያውን 1,322 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ደርሶ መልስ አይሞላም። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ግን ሕጉ አስፋልት ላይ 90፣ ኮረኮንች ላይ 80 ነው። ለየፏፏቴውና ለየፍልውሃው ከመንገድ በተገነጠልሽ ቁጥር ሰዓቱ ይሄዳል። ድልድዩ ብዙ ቦታ ባለ አንድ መስመር ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። በግም መንገድ ላይ አለ። እናቲቱ ከመንገዱ ወዲህ፣ ግልገሏ ወዲያ ማዶ ከሆኑ ፍጥነት ቀንሺ፤ ግልገሏ ወደ እናቷ መሮጧ አይቀርም። እኔ በ7 ቀን ዞሬዋለሁ። ከመሪው ሌላ የማስታውሰው ጥቂት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። በደቡብ ዳርቻ ያለችው ቪክ የምትባል ከተማ አጠገብ ነዳጅ ልቀዳ ቆምኩ። ባለቤቴ በሯን ከፈት አደረገች። ነፋሱ በሩን ከእጇ መነጨቀው። ማጠፊያው ተጣመመ፣ የፊት ፓራፋንጎው ሰረገደ። በሩ ከዚያ ወዲያ አልዘጋ አለ። በገመድ አስረን፣ እሷ በውስጥ በኩል እየጎተተች፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ሬይኪያቪክ ገባን። ሙሉ ኢንሹራንስ ገዝቻለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። አከራዩ ውሉን ዘርግቶ አሳየኝ። በነፋስ የተጎዳ በር አይሸፈንም። የከፈልኩት ከአንድ ወር ደሞዜ ብዙም አያንስም።

ስለዚህ መኪና ከያዛችሁ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ። በሩን በሁለት እጅ ያዙ። ሁለት በር ባንዴ አትክፈቱ። ውሉ ውስጥ ነፋስ፣ አሸዋና አመድ፣ ወንዝ የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። ወንዝ ስትሻገሪ ሞተር ውስጥ ውሃ ከገባ ማንም አይከፍልልሽም።

ለወንድምሽም ንገሪው። ማደያው ብዙ ጊዜ ሰው የለውም፤ ማሽኑ ካርድ ከነፒን ቁጥሩ ነው የሚጠይቀው። ክሬዲት ካርዱ ፒን ከሌለው ከመነሣቱ በፊት ባንኩን ይጠይቅ።

---

የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

እኔ የምጽፈው ለጓደኛሽ ነው። የሌሎቻችሁ ቀላል ነው። አንቺ በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድሽ ትገቢያለሽ፤ ወንድምሽ ቪዛ አያስፈልገውም። እሷ ግን ሼንገን፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚጋሩት ቪዛ ያስፈልጋታል። አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ የሼንገን አባል ግን ናት።

ማመልከቻው ብዙ ቀን ለምትቆይበት አገር ነው የሚገባው፤ ኤምባሲ ከሌለው ወክሎ ለሚሠራለት። እዚህ ላይ ነው እኔ የተመታሁት። ጀርመን 4 ቀን፣ ሌላ አገር 6 ቀን ብዬ ሞልቼ ለጀርመን አስገባሁ። ተመለሰብኝ። የከፈልኩት ገንዘብም በዚያው ቀረ። ስለዚህ ፍራንክፈርት ካንቺ ጋር ስንት ቀን፣ አይስላንድ ስንት ቀን እንደምትቆይ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ።

ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው። ኦገስት ከሆነ አሁን ነው ጊዜው፤ ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። የት እንደምታድር ማስረጃ ይጠየቃል። ድንኳን ውስጥ እናድራለን ማለት ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሌሊት ከተማ ውስጥ አስይዙላት። የአውቶቡሱን ቲኬት አያይዙ። የሥራ ቦታዋ ደብዳቤና የባንክ መግለጫዋ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ።

አንድ ነገር አደራ። ከአዲስ አበባ ቋንጣና ቅቤ እንዳትይዝ። ሥጋና የወተት ውጤት ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ማስገባት ክልክል ነው።

---

ስንቅ ያዥ (ጎተንበርግ)

ሎይጋቬጉርን ያለፈው ዓመት ከባሌ ጋር ሄጄዋለሁ። አንቺ እህቴ፣ ከዘረዘርሽው ሁሉ አንዱን ብቻ ብትይዢ ይሄን ያዢ።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከላንድማናሎይጋር ተነሥቶ ቶርስሞርክ ይገባል። በ4 ቀን ሲሄዱት በቀን ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነው። እንጦጦ ለወጣ ሰው ርቀቱ አያስፈራም፤ ከፍታውም ቢበዛ 1,000 ሜትር አካባቢ ነው። ፈተናው አየሩ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገርሽ። ተራራው ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ነው፤ ልክ ቅመም በየዓይነቱ እንደተሰጣ። ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል፤ ድኝ ድኝ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወረደ። ከፊቴ የሚሄደው ባሌ ጠፋኝ፤ የሚሰማኝ የዱላው ድምፅ ብቻ ነው። ከእግሬ ሥር ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አለ፤ ባልጩት ነው። ዝናቡ ሲያርሰው መስታወት ይመስላል። ስፍራው ህራፕንቲኑስኬር ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ባልጩት ነው። በኦገስት በረዶ ረግጠን ነው የደረስነው። እዚያው መንገድ ዳር የድንጋይ ክምር አለ። በ2004 ጁን ላይ አንድ ወጣት በበረዶ ውሽንፍር ተይዞ ማደሪያው ጎጆ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሞቷል፤ መታሰቢያው ነው። ቆመን ጸለይን። ከዚያ በኋላ የአየር ትንበያ ሳላይ አንድ እርምጃ አልሄድኩም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወንዝ አለ፤ ብላውፍያትላክቪስል ይሉታል። ድልድይ የለውም። ጫማ ታወልቂያለሽ፤ ግን ባዶ እግር አይሆንም። ማሰሪያ ያለው ሰንደል ያዢ። የሻንጣሽን የወገብ ቀበቶ ፍቺው፤ ከወደቅሽ ሻንጣው ይዞሽ እንዳይሄድ። ፊትሽን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረሽ፣ በዱላ እየተደገፍሽ፣ ቀስ እያልሽ ተሻገሪ። እኔ እስከ ጉልበቴ ነበር። አሥረኛው እርምጃ ላይ እግሬ ያለ አልመሰለኝም፤ ወጥቼ ሳሸው ነው የተመለሰልኝ። ጠዋት ጠዋት ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ በረዶው ይቀልጥና ውሃው ይሞላል።

ጎጆዎቹ የአይስላንድ ተጓዦች ማኅበር ናቸው። ለኦገስት አሁን ክፍት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ከየጎጆው አጠገብ ድንኳን መትከያ አለ፤ እኛም እንደዚያው ነው ያደርነው። ድንኳናችሁ ነፋስ የሚችል ይሁን። መኪና ለዚህ አያስፈልጋችሁም። የተነሣችሁበት ቦታ ስለማትመለሱ ይልቁንም ሸክም ነው። በእነሱ በጋ ከሬይኪያቪክ አውቶቡስ አለ፤ አድርሷችሁ ከሌላኛው ጫፍ ይመልሳችኋል።

አሁን ወደ ስንቁ። እህቴ፣ ለእግር መንገድ የጾም ምግብን የሚያህል የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። ይሄ የአባቶቻችን የመንገድ ስንቅ ነው። ቀላል ነው፣ አይበላሽም። ጠዋት በሶውን በሙቅ ውሃ ለውሼ ጭብጦ አደርገውና በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ እከታለሁ። ማታ ሽሮ አፍልቼ ድርቆሹን እፈተፍትበታለሁ። አጠገባችን ድንኳን የተከሉ ሁለት ጀርመኖች ሽታው ስቧቸው መጡ፤ ሰጠናቸው። የጋዝ ቆርቆሮ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፤ ሬይኪያቪክ ግዙ። ውሃ አትግዙ። የቧንቧው ቀዝቃዛ ውሃ ከታሸገው ይሻላል።

---

ባሕር ዳሬ (ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። እሳተ ገሞራና ፍልውሃ ለማየት ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ ሰሜን ዋልታ አፍንጫ ሥር መሄድ ለምን? ኤርታሌ የኛ ነው። ዳሎል የኛ ነው። እኔ ራሴ 20 ዓመት አሜሪካ ኖሬ አፋርን አላየሁም፤ ያሳፍረኛል። ገንዘቡ ለአፋር አስጎብኚዎች ቢሆን አይሻልም?

---

የምድር ሙያተኛ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔ በሙያዬ የምድር ሳይንስ ሰው ነኝ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ሁለቱንም ቦታ ስለማውቅ ልመልስልህ።

በምድር ላይ የባሕር ወለል የሚሠራበት ስንጥቅ አብዛኛው ውሃ ሥር ነው። በእግርህ ቆመህ ልታየው የምትችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አይስላንድ አንዷ ናት። አፋር ሌላው ነው። በአይስላንድ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዢያ የምድር ቅርፊት ሰሌዳዎች በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደገኛዋ ልትዋኝበት ያሰበችው ሲልፍራ ከዚህ መራራቅ የተወለደ ስንጥቅ ነው።

አሁን ልብ በል። ከ1975 እስከ 1984 በሰሜን አይስላንድ ክራፍላ የሚባል ቦታ መሬቱ ደጋግሞ ተሰነጠቀ፤ ቅልጥ አለት ከሥር እየገባ ገፋው። በ2005 ሴፕቴምበር አፋር ውስጥ የኛው ዳባሁ ላይ ያው ነገር ሆነ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተከፈተ፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሰፋ። የዓለም ባለሙያዎች ሲያጠኑት ማመሳከሪያቸው ክራፍላ ነበር። አንዱን ያላየ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አይረዳውም።

ሌላም ግንኙነት አለን። ከ1979 ጀምሮ አይስላንድ ውስጥ የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥልጠና ይሰጣል፤ 6 ወር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠልጥነውበታል። አንዱ እኔ ነኝ። ከአሥር ቤት ዘጠኙ በከርሰ ምድር ሙቀት የሚሞቅበት አገር ነው። ሬይኪያቪክ ውስጥ ራዲያተሩን በነካሁ ቁጥር የኛን የእንፋሎት ቦታዎች፣ ላንጋኖን፣ አሉቶን አስብ ነበር።

የስማቸውንም ነገር ልንገራችሁ። እንደኛው ናቸው። አብዛኞቹ የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ የአባታቸው ስም ነው የሚከተለው። ፕሬዚዳንታቸውን ሳይቀር በራሷ ስም ነው የሚጠሩት። በሌላ አገር ፎርም ስሞላ የአባቴን ስም የኔ አድርገው ይጠሩኝ ነበር። እዚያ የመጀመሪያው ቀን አስተማሪያችን በስሜ ጠራኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

ስለዚህ ወደዚያ መሄዳቸውን አትንቀፍ። አፋርንም አንተ ሂድ፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ከአካባቢው ሰው ጋር።

---

ባሕር ዳሬ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም። ለገና ዲሴምበር ላይ አገር ቤት እገባለሁ፤ ምክርዎን በውስጥ መስመር እጠይቅዎታለሁ።

---

ደገኛዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከወንድሜና ከጓደኛዬ ጋር በስልክ 2 ሰዓት አወራን። ዙሩን ትተነዋል። አዲሱ እቅድ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሬይኪያቪክ። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ላንድማናሎይጋር፤ 4 ቀን የእግር መንገድ፣ አንድ ቀን ለአየር መጠበቂያ። ተመልሰን ለ2 ቀን ትንሽ መኪና ተከራይተን ደቡቡን ዳርቻ እናያለን፤ ሶልሄይማዮኩትል ላይ ከአስጎብኚ ጋር ወደ በረዶው እንወጣለን። የመጨረሻው ቀን ሲልፍራ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ስለ ፍንዳታው ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች። ምን ልበላት?

---

የምድር ሙያተኛ

ልጄ፣ እናትሽ መስጋታቸው ትክክል ነው። እንዲህ በያቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሚፈነዳው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው የሬይክያኔስ ልሳነ ምድር ነው። 800 ዓመት ገደማ ጸጥ ብሎ ኖሮ በማርች 2021 ነቃ። በኖቬምበር 10 ቀን 2023 ግሪንዳቪክ የምትባለው ከተማ ነዋሪ በሙሉ በሌሊት ወጣ፤ ወደ 3,800 ሰው ነው። በጃንዋሪ 2024 ቅልጥ አለቱ ደርሶ ሦስት ቤት በላ። ሰው አስቀድሞ ስለወጣ ቤቱ ውስጥ የተቃጠለ ሰው የለም። እናንተ የምትሄዱበት መንገድ ከዚያ ሩቅ ነው።

ፍንዳታ ካለ ከተፈቀደው ቦታ ብቻ እዩ። ነፋሱ ከኋላችሁ ይሁን፤ ጋዙ ይገድላል። የቀዘቀዘ የሚመስል ጥቁር ቅልጥ አለት ላይ እግር ማሳረፍ አይገባም። ላዩ ቅርፊት ነው፤ ሥሩ እሳት ሊሆን ይችላል።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያስፈራኝ ሬይኒስፍያራ ነው፤ ቪክ አጠገብ ያለው ጥቁር ዳርቻ። ባሕሩ ረጋ ብሎ ይቆይና አንድ ማዕበል ድንገት ከሌሎቹ ርቆ ይወጣል። ሰው ወስዷል፤ ደጋግሞ። ለፎቶ ብላችሁ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ። የማስጠንቀቂያ መብራት አለ፤ ቀይ ከሆነ ወደ ታች አትውረዱ።

---

ስንቅ ያዥ

የከተማው የመዋኛ ፍልውሃ እንዳያመልጣችሁ። ግን ጓደኛሽን አስቀድመሽ አስጠንቅቂያት። ከመግባት በፊት ልብስ ሙሉ በሙሉ አውልቆ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው፤ ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ። ግድግዳው ላይ የት የት እንደሚታጠቡ በሥዕል አለ። እኔ የመጀመሪያ ቀን በዋና ልብሴ ሻወር ገብቼ አንዲት አሮጊት ትከሻዬን ነካ አድርገው በእርጋታ መለሱኝ። ምክንያቱ የገንዳው ክሎሪን ትንሽ መሆኑ ነው። ማንም ማንንም አያይም። አንገትሽ ላይ የብር መስቀል ካለሽ ግን አውልቂው። ፍልውሃው ውስጥ ያለው ድኝ ያጠቁረዋል።

---

የኦስሎው ሹፌር

አዲሱ እቅድ ልብ ያሳርፋል። የ112ን የአይስላንድ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ አደጋ ሲመጣ ያላችሁበትን ቦታ ይልካል። ሴፍትራቭል የሚባለው ገጽ ላይም መንገዳችሁን አስመዝግቡ። ሊፈልጓችሁ የሚወጡት ሥራቸውን ጥለው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። መኪናውን ከመንገድ አውጥታችሁ ሙሱ ላይ፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው አረንጓዴ ተክል ላይ፣ አንድ ሜትርም እንዳትነዱ። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ሙሱም ሲጎዳ ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

---

ደገኛዋ፣ ሴፕቴምበር 2

ተመልሰናል። እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ።

የጓደኛዬ ቪዛ ጉዟችን 11 ቀን ሲቀረው ወጣ። የፒያሳ ልጅ፣ ቀኖቹን ባታስቆጥረን አይሳካም ነበር። ተባረክ።

የመጠበቂያዋ ቀን አዳነችን። ላንድማናሎይጋር ስንደርስ ለማግሥቱ ብርቱካናማ የአየር ማስጠንቀቂያ ወጣ። የጎጆው ጠባቂ ነገ ማንም አይውጣ አለች። ወንድሜ አንድ ቀን መጥፋቱ ከፍቶት ነበር። ሌሊቱን ድንኳናችን እንደ ከበሮ ሲመታ አደረ። ሦስታችንም አንድ አንድ ምሰሶ ይዘን ተቀመጥን። 7 ዓመት ያላወራነውን ያን ሌሊት አወራን። ጠዋት ከአጠገባችን አራት ድንኳን ወድቆ ነበር።

በማግሥቱ ሰማዩ ተከፈተ። ህራፕንቲኑስኬር አጠገብ እንፋሎት ከሚወጣበት ራቅ ብለን ዐረፍ አልን። ጓደኛዬ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን መሬቱ ላይ አሳረፈች። «ነይ ንኪው» አለችኝ። እንጀራ አውጥተውለት ገና ሙቀቱ እንዳለ ምጣድ ነው። ከአንድ ክንድ ወዲያ በረዶ ተቆልሏል። ሦስታችንም እጃችንን እዚያ አድርገን ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ መታሰቢያው ጋ ስንደርስ እኛም ጸለይን።

ወንዙ እስከ ጭኔ ደረሰ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የተሻገርነው። የሻንጣዬን ቀበቶ ፈትቼ፣ ፊቴን ወደ ውሃው አዙሬ፣ ልክ እንደተባልኩት።

ሲልፍራ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ልብሱ ውሃ ስለማያስገባ ገላ አይርስም፤ ከንፈርና እጅ ግን ይደነዝዛል። ጭንቅላቴን ሳስገባ ያየሁት ሰማያዊ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። ታች ያለው ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጋሼ፣ በሁለቱ ግድግዳ መሃል ስንሳፈፍ እርስዎን አስታወስኩ።

መስቀሌን ማውለቅ ረሳሁ። ጠቁሯል። እናቴ በአመድ እያሸችልኝ ነው።

---

የምድር ሙያተኛ

እንኳን በሰላም ገባሽ ልጄ። መሬቱን መንካታችሁን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔም እዚያው ቦታ ነክቼዋለሁ።

---

ባሕር ዳሬ

እንኳን ደስ ያላችሁ። የኔ የአፋር ጉዞ ለዲሴምበር ተቆርጧል። ስንቁን ግን ንገሪኝ፤ ምን ያህል ይዛችሁ ምን ያህል ተረፈ?

---

ደገኛዋ

ለሦስት ሰው ለ6 ቀን 3 ኪሎ በሶ፣ 1 ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ 2 ኪሎ ድርቆሽ፣ 2 ኪሎ ቆሎ ያዝን። ድርቆሹ አራተኛው ቀን ማታ አለቀ፤ ግማሽ ኪሎ ጨምርበት። ሽሮው በቃን። ቆሎ ብቻ ተረፈን፤ አውቶቡሱ ላይ ለሹፌሩና ለተሳፋሪው አዳረስነው። አፋር ላይ ሙቀቱ ስለሚያስጠማ በሶው ላይ ጨው ጣል አድርግበት።